አቶርቫስታቲን ወይስ ሲምቫስታቲን?

አቦ ሁለቱም ኮሌስትሮል ያወርዳሉ፣ ልዩነቱ አወሳሰዱ ላይ ነው። ሲምቫስታቲን ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣና ጉበት ደሞ ኮሌስትሮል በብዛት የሚሰራው ሌሊት ስለሆነ ማታ ነው የሚዋጠው፣ አቶርቫስታቲን ግን ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ጠዋትም ማታም ይሆናል ብቻ ሰዓቱን አለመቀያየር። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጦ እራቱንም መድኃኒቱንም ለሚረሳ ሰው (ድሬ ላይ ስንቱ ነው!) አቶርቫስታቲን ይሻለዋል ባይ ነኝ። ጠንከርም ይላል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ መድኃኒት ካለ ነው። ለግፊት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲኑ በቀን ከ20 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፣ ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ደሞ ከሲምቫስታቲን ጋር ጭራሽ አይወሰድም፣ ከአቶርቫስታቲን ጋርም ቢሆን ዶዙ ከፍ ካለ ሐኪሙ መቀነስ አለበት፣ ስለዚህ ከዚራም ሁኑ ሳቢያን ፋርማሲ ስትገቡ የምትውጡትን ሁሉ ተናገሩ፣ ስሙ ከጠፋባችሁ ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ።

የሲምቫስታቲን 80 ሚሊግራም ጡንቻ ስለሚጎዳ አሜሪካ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ ታካሚ እንዳይጀመር ብላለች። በየትኛውም ቢሆን ጡንቻችሁን ያለምክንያት ካመማችሁ ወይ ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ጋ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይ ካሰብሽ ደሞ ቀድመሽ ንገሪያቸው።