ለስሜን ተራሮች የትኛው ካርታ ይሻላል? ባለ ጥላው ወይስ ባለ መስመሩ?

ስሜን ተራሮችን በእግር ልትጓዙ ካርታ እየመረጣችሁ ከሆነ ከፊታችሁ ሁለት ዓይነት ካርታ አለ። አንዱ የመሬቱን ቅርጽ በጥላ ይስላል፤ ከአንድ ወገን ብርሃን የበራበት ይመስል ተራራው ጎልቶ፣ ሸለቆው ጎድጉዶ ይታያል። ሌላው በኮንቱር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኝ መስመር ይሠራል። መስመሮቹ ሲቀራረቡ ገደል ነው፣ ሲራራቁ ሜዳ።

ለዓይን ባለ ጥላውን የሚያክል የለም። ካርታ አንብቦ የማያውቅ ሰው እንኳ ሸንተረሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ ወዲያው ይገባዋል። እሜት ጎጎ የሚባለው የገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ከፊት ያሉትን አምባዎች አንድ በአንድ ለመለየት እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ስሜን ላይ ግን አንድ ከባድ ጉድለት አለበት። ካርታ ሠሪዎች ብርሃኑን ከሰሜን ምዕራብ ማብራት ልማዳቸው ነው። ከደቡብ ካበሩት ብዙ ሰው ሸለቆውን ተራራ አድርጎ ያየዋል። የስሜን ትልቁ ገደል ደግሞ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ያርፍበታል። ከሳንቃበር ሰፈር እስከ ጨነቅ ሰፈር የእግር መንገዱን ተከትሎ የሚሄደው ያ የሚያዞር አፋፍ ካርታው ላይ ነጣ ብሎ ይቀራል። ከኋላው ወደ ደቡብ የሚወርደው ቀለል ያለ ቁልቁለት ደግሞ ይጠቁራል። አደገኛው ቦታ የዋህ መሰለ ማለት ነው! በዚያ ላይ ብዙዎቹ ካርታዎች የሚሠሩት በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር በተወሰደ የከፍታ መረጃ ነው። ለሕዝብ የተለቀቀው በየ30 ሜትሩ አንድ ቁጥር ስለሚሰጥ ቀጥ ያለ ገደል ተዳፋት ሆኖ ይወጣል።

መስመሩ እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታወቀው። ራስ ዳሽን የሚሄድ ሰው በቧሂት ተራራ በኩል 4,200 ሜትር አካባቢ ያለውን የተራራ ማለፊያ አልፎ ወደ መሸሃ ወንዝ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ድረስ ይወርዳል። ከዚያ እንደገና ዳገት ነው ወደ አምቢቆ መንደር። በጥላ ካርታ ይሄ አንድ የሚያምር ሸለቆ ነው። በየ20 ሜትር ከፍታው አንድ መስመር ባለው የኮንቱር ካርታ ግን 70 መስመር ነው። ጉልበታችሁ የሚያውቀው ይህን ነው። ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ አጃቢ) መያዝ ግዴታ ስለሆነ መንገድ መጥፋት ላያሰጋ ይችላል፤ ቀኑን ግን ስካውቱ አያሳጥርላችሁም።

ወደ ግዢው እንምጣ። የመንግሥት 1፡50,000 የወረቀት ካርታ 2 ሴንቲሜትሩ 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለገደል የሚታመን እሱ ነው። መንገድና መንደር ላይ ግን አርጅቷል። ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ከተዛወሩ ቆይተዋል። የበርን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው የ1፡100,000 የጉዞ ካርታ ዝርዝሩ ያንሳል፣ ጥቅሙ ፓርኩን በአንድ ወረቀት ማየታችሁ ነው።

ስልክ ላይ ጎግል ማፕስ ጥላው ያምራል፤ ለኦፍላይን ስታወርዱት ግን አብሮ አይመጣም፣ ተራራው ላይ ደግሞ ኔትወርክ አትጠብቁ። ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለው መተግበሪያ ነፃ ነው፣ ኮንቱርም አለው። ኦስምአንድ የሚባለው ሌላ መተግበሪያ ጥላውንም መስመሩንም አንድ ላይ ያሳያል፣ ለዚህ ግን ይከፈልበታል። ለእኔ ገንዘቡ የሚገባው እዚህ ነው፤ ጥላው ቅርጹን ያሳያችኋል፣ መስመሩ ያርመዋል።

እስከ ጨነቅ ብቻ ለሚሄድ ስልክ ይበቃዋል። ራስ ዳሽን ለሚወጣ ወረቀቱንም ይያዝ፤ የሌሊቱ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። ጥላ ብቻ ያለውን ግን ለግድግዳ ካልሆነ አትግዙ። ከመክፈላችሁ በፊት ቧሂት አካባቢን አጉልታችሁ እዩ። መስመሮቹ ላይ የከፍታ ቁጥር ካልተነበበ ሌላ ፈልጉ።