የ1917 ሶቨሪን ወይስ የ1967 ክሩገራንድ? የተቀረጸውና የተረፈው ብዛት ሲነጻጸር

አዳማ ውስጥ ወደ ወርቅ ቤት የሚገባ ሰው የሚጠይቀው ግራሙንና ካራቱን ነው፤ ለጌጥ ይህ ይበቃል። የወርቅ ሳንቲም ለመሰብሰብ የሚገዛ ሰው ግን በዚያ ዓመት ስንት ተቀርጾ ስንት እንደተረፈ ጭምር ማወቅ ይኖርበታል። በዚሁ ከተማ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከሁለት ሳንቲሞች አንዱን እንዲመርጥ ቀርቦለት፣ የተቀረጸውን ቁጥር ብቻ አይቶ ሊወስን መሆኑን ስሰማ ይህን ንጽጽር ለመጻፍ ተነሣሁ።

አንደኛው እ.ኤ.አ. የ1917 የእንግሊዝ ሶቨሪን ነው፤ ክብደቱ 7.99 ግራም ሲሆን፣ 22 ካራት በመሆኑ በውስጡ 7.32 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው የደቡብ አፍሪካ ክሩገራንድ ነው፤ እርሱም 22 ካራት ሆኖ 33.93 ግራም ይመዝናል፣ ንጹሕ ወርቁም 31.1 ግራም ነው። ክሩገራንዱ በመጀመሪያ ዓመቱ 40,000 ብቻ ሲቀረጽ፣ ለንደን ላይ የተቀረጸው የ1917 ሶቨሪን ግን 1,014,714 ነበር። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ክሩገራንዱ ሃያ አምስት እጥፍ ብርቅ ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ገበያው የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው።

ምክንያቱ ከቀረጻው በኋላ የሆነው ነገር ነው። የለንደኑ ሶቨሪን በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል የወጣ በመሆኑ አብዛኛው ለጦርነቱ ክፍያ ወደ አሜሪካ ሄዶ እንደቀለጠ ይታመናል፤ ስለዚህ ዛሬ አንድ ሲገኝ ሰብሳቢዎች ከወርቁ ዋጋ እጅግ በላይ ይከፍሉበታል። ክሩገራንድ ግን ከመነሻው ሰው ገዝቶ እንዲያስቀምጠው የተሠራ ስለሆነ በብዛት ተርፏል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1978 ብቻ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ስለተቀረጸ፣ ወርቁን ብቻ የሚፈልግ ገዢ የ1967ቱን የሚመርጥበት ምክንያት የለውም፤ በዚህም የተነሣ ጭማሪው መጠነኛ ነው።

ሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመትም ብቻውን አያስተማምንም። ጠገራ ብርን የሚያውቅ ሁሉ 1780 የሚለው ቁጥር ሳይለወጥ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን እንደተቀረጸ ያውቃል። በወርቅም 1915 የሚል ዓመት የያዘው የኦስትሪያ 100 ኮሮና እንደዚሁ በድጋሚ የተቀረጸ ስለሆነ፣ ዕድሜውን ምክንያት አድርጎ ጭማሪ ለሚጠይቅ ሻጭ መክፈል አይገባም።

ወደ ሶቨሪኑ ልመለስና፣ በዚያው ዓመት ሲድኒ፣ ሜልበርንና ፐርዝም ቀርጸዋል። የእነርሱ ሳንቲም ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በሚወጋበት ገጽ፣ ከዓመቱ በላይ ባለው መሬት ላይ የከተማውን መለያ ትንሽ ፊደል ይዟል፤ የለንደኑ ግን ምንም የለውም። የለንደኑ በሐሰት በብዛት ስለሚሠራ፣ ፊደል የሌለበትንም ቢሆን በማጉያ መነጽር አይቶ ቦታው ተፍቆ እንደሆነ መመርመር፣ ክብደቱንም እስከ መቶኛ ግራም በሚለካ ሚዛን ማረጋገጥ የግድ ነው። ለአንገት ጌጥ ተብሎ ቀለበት የተበየደበት ከሆነ ደግሞ ለሰብሳቢ ያለው ዋጋ በእጅጉ ይወርዳል፤ ቀለበቱ ተነሥቶ ቢወለወል እንኳ ጠባሳው ጠርዙ ላይ ይቀራል።

የአክስቴ ልጅ ያሳየኝ ፎቶግራፍ ላይ የፐርዝ ፊደል በግልጽ ይታያል፤ ስለዚህ የቀረበለት ብርቁ ሶቨሪን አይደለም። ሁለቱም ከወርቃቸው ዋጋ ብዙም የማይርቁ በመሆናቸው፣ ገንዘቡ ለክሩገራንዱ ካልበቃው ሶቨሪኑን በንጹሕ ወርቁ ግራም አስልቶ እንዲገዛ፣ ለዓመቱ ብሎ ግን ምንም እንዳይጨምር ነግሬዋለሁ።