የባጃጅ ሹፌሮች፣ አሮጌ ካቦአችሁን ጋራዥ ጥላችሁ እንዳትወጡ

ዛሬ ከሰዓት የደረሰብኝን ነው የምጽፈው። ንዴቱ ገና አልወጣልኝም፤ ጅማ ውስጥ ባጃጅ የምትነዱ ሁሉ ግን አንብቡት።

ያ ሁሉ ዝናብ ከዘነበ ወዲህ ማርሹ ከበደኝ። ሁለተኛ ስሰጠው አልገባም ይላል፣ ስመልሰው ደግሞ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት ቦታ) አይገኝም። ቅዳሜ ሂርማታ አካባቢ ጋራዥና መለዋወጫ ሱቅ ጎን ለጎን ከከፈቱት አንዱ ጋ አስገባሁት። አይነታቸውን ታውቃላችሁ። «ና ወንድሜ፣ ቁጭ በል፣ ቡና ጠጣ» ይሉሃል፤ ሁለተኛውን ስኒ ሳትጨርስ ባጃጅህ ተፈታቶ መሬት ላይ ነው። የጋራዡ ልጅ ካቦዎቹን (ማርሹን፣ ፍሪሲዮኑንና ነዳጁን የሚስቡትን የሽቦ ገመዶች) እየመዘዘ «አልቀዋል፤ ይሄን ይዘህ ጅሬን ዳገት ብትወጣ መንገድ ላይ ነው ጥሎህ የሚቀረው» አለኝ። ሁለቱን የማርሽ፣ የፍሪሲዮኑን (ማርሽ ስትቀይር ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን)፣ የነዳጁንም ጭምር። የነዳጁ ምንም እንዳልነበረው አውቃለሁ። እያወቅኩ ዝም አልኩ። ከጎን ካለው ሱቅ «ኦሪጂናል» ብለው አመጡልኝ፤ ከእጅ ዋጋ ጋር 4,200 ብር ከፈልኩ። የእቁብ ብር ነበር። አሮጌዎቹን ስጠኝ ማለት እንኳን አልመጣልኝም፤ ልጁ ጥግ ያለ በርሜል ውስጥ ሲጥላቸው እያየሁ ወጣሁ።

ትናንት አንዲት እናት ከነልጃቸው ጭኜ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን ዳገት ስጀምር ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጃጁ አይሄድም። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። እናትየዋ ልጃቸውን አዝለው በዝናብ በእግራቸው ቀጠሉ። ሂሳብ ልክፈልህ ሲሉኝ መግቢያ አጣሁ።

ዛሬ በጓደኛዬ ባጃጅ አስጎትቼ ተመለስኩ። «ቆይ፣ ይሄን ልጨርስ» አለኝ ልጁ። ሌላ ባጃጅ ተፈቷል፤ ሹፌሩ ቅዳሜ እኔ የተቀመጥኩበት ዱካ ላይ ቡናውን ይዞ ተቀምጧል። ልጁ ከላስቲክ ውስጥ «አዲስ» ካቦ አወጣ። በናፍጣ ተጠርጎ፣ ግሪስ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ጫፉ ላይ ግን ሰማያዊ ክር አለ፣ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ የተቋጠረ። ያንን ክር የቋጠርኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ የማርሽ ካቦዎች ስለሚመሳሰሉብኝ ለመለያ ብዬ ዓምና ከእህቴ የስፌት ዕቃ የወሰድኩት ክር ነው።

«ይሄ የኔ ካቦ ነው!» አልኩ።

የልጁ እጅ ቀጥ አለ። ቀና ብሎ ያየው እኔን አይደለም፤ የጋራዡን ባለቤት ነው። ባለቤቱ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ካቦ ሁሉ አንድ ነው። ስምህ ተጽፎበታል?» አለ። ከዚያ ልጁን «ግጠምለት» አለው። ዓይኔ እያየ ገጠመለት። ሹፌሩም ሊረብሽ የመጣ ሰው መስዬው ፊቱን አዞረብኝ። ፍሪሲዮኑ እንደተቃጠለ ስነግራቸው የሰጡኝ መልስ «አነዳድ ተማር» ነው። ሰባት ዓመት ነድቻለሁ።

ከዚያው አስጎትቼ ወደ ኪቶ በኩል ሌላ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ሲከፍተው ነክሶ የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፈው የፍሪሲዮን ሸራ ከስሏል። ካቦውን ወጥረው አስረውታል። የፍሪሲዮኑ እጀታ መያዝ ከመጀመሩ በፊት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር በባዶ መሄድ ሲገባው፣ የኔው ንቅንቅ አይልም። ሳልጨብጠው እንደተጨበጠ ነው ሦስት ቀን የነዳሁት፤ ሸራው ሳይነክስ እየተንሸራተተ አለቀ። የመጀመሪያው የማርሽ ችግርስ? ካቦ ሲቆይ ይለጠጣል፤ ዳዶውን ፈታ አድርጎ አንዱን የማርሽ ካቦ ሲስቡ ሌላውን በዚያው ልክ ማላላት፣ ፎሌው ከምልክቱ ጋር ሲገጥም መልሶ ማሰር ነው። በ10 ቁልፍ የሩብ ሰዓት ሥራ። ይሄን ስሰማ ከ4,200ው በላይ አንገበገበኝ። አጠገቡ ቆሜ ምን እየሠራህ ነው ብዬ ብጠይቅ ኖሮ!

አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ ውጡ። ከመክፈላችሁም በፊት ፎሌ ላይ አስነስታችሁ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አዙሩት፤ ነዳጅ ሳትሰጡት ሞተሩ ከጮኸ የነዳጅ ካቦው ተወጥሯል።

አንተ ዛሬ እዚያ ዱካ ላይ የነበርከው ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብክ የማርሽ ካቦህን ጫፍ እይ። ሰማያዊ ክር ታገኛለህ። ካቦው ጤነኛ ነው፣ መልስልኝ አልልህም። ስንት እንዳስከፈሉህ ብቻ ንገረኝና አብረን እንሂድባቸው።