ደወሉና ትከሻው፦ ስለ ዳውንተን አቢ እና ስለ ቅዳሜ ማታው የዳንስ ውድድር

ድራማው የያዘኝ ጋዜጣው ሲተኮስ ነው። የዳውንተን አቢ የመጀመሪያው ክፍል የሚጀምረው በማለዳ ነው። ዴዚ የምትባለው የወጥ ቤት ልጅ ማንም ሳይነሣ ከክፍል ክፍል እየዞረች ምድጃ ታነዳለች። ትንሽ ቆይቶ አንዱ አሽከር የጌታውን ጋዜጣ እንደ ሸሚዝ ዘርግቶ ይተኩሰዋል፤ ቀለሙ እንዲደርቅና የጌታው እጅ እንዳይቆሽሽ። አብረውኝ የሚያዩት እማማ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ቤይሩት በሠራሁበት ቤት የሚስተሩን ካልሲ እንኳ እተኩስ ነበር።

እማማ የምላቸው ደቡብ ለንደን ውስጥ የምንከባከባቸው እንግሊዛዊት አሮጊት ናቸው። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ወደዱት፤ በዚያው ቀረ። እናታቸው በልጅነታቸው በአንድ ትልቅ ቤት ድስት አጣቢ ሆነው ሠርተዋል። የስድስቱንም ምዕራፍ ዲቪዲ ከቻሪቲ ሱቅ ገዝቼላቸው፣ ከሰዓት በኋላ ሻይ ከጠጡ በኋላ አንድ አንድ ክፍል እናያለን። ቅዳሜ ማታ ደግሞ፣ መከር ከገባ እስከ ገና ድረስ፣ ስትሪክትሊ ካም ዳንሲንግ የሚባለውን የዳንስ ውድድር እናያለን። ስለ ሁለቱም አንድ ላይ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ በእኔ ሕይወት ውስጥ አንድ ሶፋ ላይ የተቀመጡ ናቸው።

ላላያችሁት፦ ዳውንተን አቢ በአንድ ትልቅ የእንግሊዝ መኳንንት ቤት ስለሚኖሩ ጌቶችና አገልጋዮች የሚተርክ፣ የጁልያን ፌሎውስ ድርሰት የሆነ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። በአይ ቲቪ ጣቢያ በ2010 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ በ2015 የገና ዕለት አልቋል፤ በጠቅላላው 52 ክፍል ነው። ታሪኩ የሚነሣው ታይታኒክ በሰመጠችበት በ1912 ሲሆን እስከ 1926 ይዘልቃል። የቤቱ ጌታ ሦስት ሴቶች ልጆች እንጂ ወንድ የላቸውም፤ ርስቱና ማዕረጉ ደግሞ ለወንድ ብቻ ነው የሚተላለፈው። ወራሹ በመርከቧ ላይ ሞተ የሚል ቴሌግራም ሲደርስ ቤቱ ይናወጣል። ሌላው ሰው ወራሹ ማን ይሆን የሚለውን ጉዳይ ነው የሚከታተለው። እኔና እማማ የምንከታተለው ምድር ቤቱን ነው።

ምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ደወሎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ በታች የክፍሉ ስም ተጽፏል። አንዱ ሲንቀጠቀጥ እየበላ ያለ ሰው ማንኪያውን አስቀምጦ ይነሣል። የእኔ ማዳም አንዲት ትንሽ የነሐስ ደወል ነበራት፤ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከጨው ዕቃው አጠገብ ትቀመጣለች። ያንን ቤት ከለቀቅሁ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ሆኖም ድራማው ውስጥ ደወል በተደወለ ቁጥር እግሬ ይነሣል። እማማ አንድ ቀን ይህንን አይተው ሪሞቱን አንሥተው ድምፁን ቀነሱልኝ። ምንም አላሉኝም።

ሥራውን በሚያሳይበት ጊዜ ይህ ድራማ እውነተኛ ነው። ብር ዕቃ ማወልወሉ፣ አልጋ ላይ አንሶላ ሲዘረጋ ሁለት ሆነው ጫፍና ጫፍ መያዛቸው፣ የጌቶቹ እራት አልቆ የሠራተኛው እራት የሚጀምርበት ሰዓት፣ የአገልጋዮቹ አለቃ ሚስተር ካርሰን ወይን በሻማ ብርሃን እያዩ ሲቀዱ። ካርሰንን በእኛ ቤተ መንግሥት ልማድ አጋፋሪ ብንላቸው ያስኬዳል፤ ጌታው ከሚኮሩበት ይልቅ እሳቸው በቤቱ ይኮራሉ። አንድ ነገር ሳውቅ ደግሞ ገረመኝ። የላይኛው ቤት እውነተኛ ነው፤ ሃምፕሺር ውስጥ ያለው ሃይክሌር ካስል። ታችኛው፣ ወጥ ቤቱና የሠራተኞቹ መመገቢያ፣ ለንደን ኢሊንግ ስቱዲዮ ውስጥ በእንጨት የተሠራ ነው። የጌቶቹ ሳሎን እስከ ዛሬ እንዳለ አለ፤ የሠራተኞቹ ክፍል ግን እንደ ድሮው ስላልቆየ እንደ አዲስ መሥራት ግድ ሆነ። እማማ ይህን ስነግራቸው «የእናቴንም ወጥ ቤት አፍርሰውታል» አሉኝ።

ከሁሉም የምወዳት ገረዲቱን ግዌንን ነው። ከደመወዟ አጠራቅማ ጽሕፈት መኪና ገዝታ፣ ቁም ሳጥን ላይ ደብቃ፣ በፖስታ ትምህርት ጸሐፊነት ትማራለች። መኪናው ሲገኝ ሚስጥር እንደያዘች ሁሉ በሁሉም ፊት ትጠየቃለች። «የቤት ሠራተኛ ሆኜ መቅረት አልፈልግም» ማለት ለምን እንደሚያስቀይም የሚያውቀው የተናገረው ነው። እኔም የማዳም ልጆች የጣሉትን የእንግሊዝኛ ደብተር ከቆሻሻ አንሥቼ ማታ ማታ አጠናበት ነበር፤ ሲገኝብኝ «ምን ልትሆኚበት ነው?» ተባልኩ። ግዌን በመጨረሻ በስልክ ኩባንያ ሥራ ስታገኝ እኔ ነበርኩ ያለቀስኩት። በስድስተኛው ምዕራፍ እንግዳ ሆና፣ ባርኔጣ አድርጋ፣ ባገለገለችበት ገበታ ላይ ተቀምጣ ስትበላም እንደዚያው።

የማልቀበለው ነገር ደግሞ አለ። ጌታው ሎርድ ግራንተም በጣም ደግ ተደርገው ነው የተሣሉት። የወጥ ቤት አለቃዋ ሚስስ ፓትሞር ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ በስኳር ፈንታ ጨው ነስንሰው ምግብ ሲያበላሹ፣ ጌታው ይራሩና በራሳቸው ገንዘብ ለንደን ሙርፊልድስ ሆስፒታል ይልኳቸዋል። ሙርፊልድስ ዛሬም አለ፤ እማማም የዓይን ሞራቸው የተገፈፈው እዚያው ነው። ደግ ጌታ አይገኝም አልልም። ነገር ግን እኔ ጥርሴ አብጦ ሦስት ሳምንት በፓናዶል ነው የሠራሁት፤ በመጨረሻ ሐኪም ቤት ስወሰድም ከደመወዜ ተቆረጠ። ድራማው ውስጥ ደመወዝ ሲቆረጥ አላየሁም። የሠራተኛን ፓስፖርት ይዞ ማስቀረትም የለም፤ ግን «ያለ ሥራ ምስክር ወረቀት ይሂድ» የሚለው ማስፈራሪያ አለ፤ ያኛው ዘመን በዚህ ነበር ሰውን የሚይዘው። ይህንን ቢያጎሉት ኖሮ ድራማው የበለጠ ይከብድ ነበር።

አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ ልጆች አጠገባችሁ አይኑሩ። ላይ ቤት ቤተሰቡና እንግዶቹ ዘፋኝ ተጋብዛላቸው ሲያዳምጡ፣ ሠራተኞቹም ሊሰሙ ሲወጡ፣ ታች ባዶ ወጥ ቤት ውስጥ አና የምትባለው ገረድ ከእንግዶቹ አንዱ ይዞት በመጣ አሽከር ትደፈራለች። ብዙ ሰው በዚህ ተቆጥቷል፤ ድራማው ውብ ልብስና ሻይ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር አይገባውም ተባለ። እኔ አልስማማም። ዘፈኑ ከላይ እየተሰማ ከታች የማይሰማው ጩኸት፣ በሰው ቤት የሠራች ሴት ሁሉ የምትፈራው ነው። እኔ የተቆጣሁት ከዚያ በኋላ ባለው ነው፦ ታሪኩ የአናን ቁስል ትቶ «ደፋሪዋን የገደለው ማነው» ወደሚል የፖሊስ ነገር ሄዶ ክፍል በክፍል ተንዛዛ።

የሲቢልን ሞት በአንድ መስመር አላልፍም። ከጌታው ሦስት ሴቶች ልጆች ትንሿ ናት፤ ለግዌን ሥራ የፈለገችላት እሷ ነበረች። ስትወልድ የሰፈሩ ሐኪም ዶክተር ክላርክሰን ቁርጭምጭሚቷ ማበጡን አይቶ ሆስፒታል ትወሰድ ይላል፤ ከለንደን የመጣው ስመ ጥር ሐኪም ግን ደህና ናት ብሎ ያሰናክላል። ልጅቱን ትወልዳለች፤ ሌሊት ግን አንዘፍዝፏት ትሞታለች። አክስቴ ወሎ ውስጥ እንዲሁ አብጣ ነው በወሊድ ያለፈችው፤ እሷ ዘንድ ግን የሚከራከሩ ሁለት ሐኪሞች አልነበሩም። እናቴ ስትነግረን «ፊቷ እንደ ሊጥ ተነፍቶ» ትል ነበር። ሲቢል በምትንዘፈዘፍበት ቦታ እማማ እጄን ያዙኝ።

አምስተኛው ምዕራፍ በ1924 ላይ ነው። ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ለንደን ዌምብሌ የተዘጋጀውን ኤግዚቢሽን ሲከፍቱ ለመስማት ቤቱ ራዲዮ ያስገባል። በዚያው ዓመት የእኛው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ለንደን መጥተው ከእኚሁ ንጉሥ ጋር ተገናኝተዋል፤ ከመቅደላ ከተዘረፉት ዘውዶች አንዱ ለንግሥት ዘውዲቱ የተመለሰውም በዚያ ጉዞ ሳቢያ ነው። ድራማው ስለዚህ አያነሣም፤ የማንሣትም ግዴታ የለበትም። እኔ ግን እነዚያ ሰዎች ራዲዮው ዙሪያ ቆመው ባየሁ ጊዜ የራስ ተፈሪ መኪና በውጭ የሚያልፍ መስሎ ተሰማኝ።

ከድራማው ወደ ውድድሩ የምሻገረው በአገልጋዮቹ ጭፈራ ነው። በዓመት አንድ ሌሊት ጌቶቹ ከሠራተኞቻቸው ጋር ይጨፍራሉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ ወለል ላይ ይዞራሉ፤ ነገ ግን ደወሉ እንዳለ ነው። ስትሪክትሊ ላይ ነገሩ ተገልብጧል። ታዋቂው ሰው ነው የሚታዘዘው፤ የሚያዘው መምህሩ ነው። ከ2004 ጀምሮ በቢቢሲ ዋን ይተላለፋል። አንድ ታዋቂ ሰው ከአንድ ባለሙያ ዳንሰኛ ጋር ይጣመርና በየሳምንቱ አዲስ ዳንስ ይማራል፤ ዋልትዝ፣ ታንጎ፣ ፎክስትሮት፣ ቻ ቻ። አራት ዳኞች እስከ አሥር ይሰጣሉ፤ ሙሉው 40 ነው። የተመልካች ድምፅ ይደመርና መጨረሻ የሆኑት ሁለት ጥንዶች እንደገና ጨፍረው ዳኞቹ አንዱን ያሰናብታሉ።

እኔ የምወደው ጭፈራው ራሱ ሳይሆን ከእሱ በፊት የሚታየውን የሳምንቱን ልምምድ ነው። ያ ሰው ይወድቃል፣ ይናደዳል፣ እግሩ ይላላጣል፣ ያለቅሳል፤ ዳንሰኛዋ «እንደገና» ትለዋለች። ዳውንተን ላይ ሥራ መታየት የለበትም፤ ምድጃው ጌቶቹ ሳይነቁ ነው የሚነደው። እዚህ ድካሙ እራሱ ነው ለእይታ የሚቀርበው።

ትከሻዬን በተመለከተ ግን ከእማማ ጋር አልተስማማንም። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ እስክስታ ላይ ትከሻ ነው የሚናገረው። በእነሱ ዋልትዝ ግን ትከሻ ወርዶ ዝም ማለት አለበት፤ ዳኛው ክሬግ ሬቨል ሆርውድ ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ ምሕረት የለውም። እማማ በወጣትነታቸው ዳንስ ቤት ይሄዱ ነበርና ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሥተው ወጥ ቤቱ ውስጥ አቁመው አሳዩኝ፦ ክንዴ እንደ ማዕቀፍ፣ አንገቴ ረዘም፣ ትከሻዬ ታች። ከዚያ እኔ በተራዬ ትከሻዬን ለቀቅኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና «ያ የት ነበር የተደበቀው?» አሉኝ። የቀድሞውን የዳኞች ሰብሳቢ ሌን ጉድማንን ሁለታችንም እንወዳቸው ነበር፤ ፎክስትሮት ላይ ተረከዝ ቀድሞ መሬት ይንካ የሚሉትን። በ2016 ውድድሩን ለቀው በ2023 አረፉ።

ቅሬታዬም አለ። ከልጅነቱ መድረክ ላይ የሠለጠነ ሰው ዳንስ ጨርሶ ከማያውቅ ጋር ሲወዳደር ተመልካቹ ከመጀመሪያው ይነገረው። መብራቱ፣ ጭሱ፣ ወለሉ ላይ የሚወረወረው ሥዕል ደግሞ ከዓመት ዓመት በዝቷል፤ እግር ለማየት ተቀምጠን ጭስ ነው የምናየው። ባዶ ወለልና ሁለት ሰው ይበቃል። ለዚህም ነው ሁለት ዓመቶችን የማልረሳው። አንዱ 2024 ነው፤ ዓይነ ስውሩ ኮሜዲያን ክሪስ ማክኮስላንድ ከዳያን በስዌል ጋር ሲያሸንፍ። የማያየውን ዳንስ በቃልና በመዳሰስ ብቻ ነው የተማረው።

ሌላው 2021 ነው። ከልደቷ ጀምሮ መስማት የማትችለው ተዋናይት ሮዝ አይሊንግ-ኤሊስ ከጆቫኒ ፐርኒቼ ጋር ያሸነፈችበት። በዚያ ዓመት ከጨፈሯቸው በአንዱ መካከል ሙዚቃው ድንገት ጠፋ፤ እነሱ ግን መጨፈራቸውን አላቆሙም። እሷ ሁልጊዜ የምትሰማውን ለእኛ ማሰማታቸው ነበር። እማማ የጆሮ ማዳመጫቸው ባትሪ ያለቀ መስሏቸው እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱ። ነካኩት። ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም እንደማልሰማ በእጄ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ገባቸው። ሙዚቃው ሲመለስ ማዳመጫውን አውልቀው ከሻይ ስኒው አጠገብ አስቀምጠውት ነበር፤ ቀሪውን ዳንስ ያለ ድምፅ እስከ መጨረሻው አዩት።