ደሴና ኮምቦልቻ ዌብሳይት ልታሰሩ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ

ጀመዓ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ዌብሳይት ከሰሩልኝ ልጆች ቢሮ ከወጣሁ ገና ሶስት ሰዓት አልሞላኝም፣ ቤት ገብቼ ቡና እንኳን አልቀመስኩም። ካደርኩ እበርዳለሁ፣ ከበረድኩ ደግሞ "ይሁን፣ አላህ ይክፈላቸው" ብዬ እተወዋለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ትኩሱን አሁኑኑ ልበለው።

መቼም እነዚህን ልጆች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ቢዝነስ ካርድ የሚያድሉት፣ ወንበር ስቦ ቁጭ ብሎ ላፕቶፑን ባንኮኒሽ ላይ የሚከፍተው፣ "የዘንድሮ ትሬንድ ይሄ ነው፣ ዌብሳይት የሌለው ነጋዴ ከገበያ ወጣ በይው፣ አንቺ ተኝተሽ ደንበኛ ራሱ ይመጣል" የሚለው። የኔም እንደዛ ነው የመጣው። ስማቸውን አልጠራም፣ ስም ጠርቼ ሌላ ጣጣ ውስጥ አልገባም። አካሄዳቸውን ብነግራችሁ ይበቃችኋል።

እኔ የምሸጠው ጋቢ፣ ኩታ፣ ነጠላ ነው። እናቴና አክስቴ ይፈትላሉ፣ ሸማኔዎቻችን ይሰሩታል፣ እኔ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤሩት ያሉ የወሎ ልጆች ናቸው፣ ለእናታቸው ወይ ለሰርግ ጋቢ የሚያሰሩ። ጥቂት አሜሪካ ያሉም አሉኝ። እነዚህ አሜሪካ ያሉት ናቸው ነገሩን ያስጀመሩት፣ "ዌብሳይት የላችሁም ወይ፣ በቴሌግራም ብቻ ብር መላክ እንፈራለን" እያሉ። እውነታቸውን ነው፣ ስንቱ በቴሌግራም ተበልቷል። እኔም የእቁብ ብሬ ደርሶኝ ስለነበር ይሄን ብሩን ለቁም ነገር ላውለው ብዬ ገባሁበት።

ዋጋው 60,000 ብር ተባልኩ፣ ተከራክሬ 48,000 ላይ ወረደ። 30,000 ቀብድ፣ 18,000 ስረከብ። ውል የተባለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፣ "ዘመናዊ ዲዛይን ይሰራል" ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም፣ እኔም ፈረምኩ። የአስር ሺ ብር ጋቢ ስሸጥ ጥለቱን፣ ስፋቱን፣ ፈትሉን አንድ በአንድ ጽፌ ለደንበኛ የምልክ ሴትዮ የ48,000 ብር ውል ሳላነብ ፈረምኩ። ይሄ ነው እስካሁን አንጀቴን የሚበላኝ።

ስረከብ ቢሮአቸው ጠሩኝና ትልቁ ስክሪን ላይ ከፈቱልኝ። ምን ልበላችሁ፣ ያምር ነበር፣ አልዋሽም። ሲከፈት ከላይ ስክሪኑን ሙሉ ቪዲዮ ይጫወታል፣ ሲወርዱ ምስሎቹ ከግራ ከቀኝ እየተንሸራተቱ ይመጣሉ፣ መደቡ ጥቁር፣ ጽሁፉ ወርቃማ፣ ጥግ ላይ "ልርዳዎት?" የምትል ነገር ብቅ ትላለች። ልጁ "ይሄ የአሁኑ የዓለም ትሬንድ ነው፣ ለአንቺ ብቻ ተብሎ የተሰራ ነው፣ እንደዚህ ያለ ወሎ ውስጥ ሌላ ሰው ጋ አታገኚም" አለኝ። ይቺን "ለአንቺ ብቻ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። የቀረውን 18,000 እዛው ቁጭ ብዬ በቴሌብር ላኩለት።

ማታውን ሊንኩን ለደንበኞቼ በተንኩት። ጅዳ ያለች አንዷ ልጅ፣ ከአምስት አመት በላይ ከኔ የገዛች፣ ስክሪንሾት ላከችልኝ። ጥቁር ብቻ። "እህቴ አልከፍት አለኝ፣ ስልኬም ተንቀረፈፈ፣ ዳታዬንም በላው፣ በቴሌግራም ላኪልኝ ባክሽ" አለች። ሌላዋ ተከፈተላት፣ ግን አማርኛው አራት ማዕዘን ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የመጣላት። ሪያድ ያለው ደግሞ ታች ድረስ ወርዶ ኖሮ "ይሄ ምን ቋንቋ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፣ ሄጄ ባየው "ሎሬም ኢፕሰም" የሚል የላቲን ጽሁፍ፣ ዲዛይነሮች እውነተኛው ጽሁፍ እስኪመጣ ቦታ መያዣ የሚጠቀሙበት፣ እንዳለ ትተውታል። የሰው ደንበኛ ፊት አዋረዱኝ።

ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የሚማረው፣ ቅዳሜ ሲመጣ አሳየሁት። ጉግል በነጻ የሚሰጠው የዌብሳይት ፍጥነት መለኪያ አለ፣ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ ይባላል፣ ሊንኩን ታስገባላችሁ፣ ለስልክና ለኮምፒውተር ለየብቻ ከ100 ነጥብ ይሰጣችኋል። የኔ ለስልክ 11 አመጣ። አስራ አንድ! ያቺ ከላይ የምትጫወተው ቪዲዮ ብቻዋን 38 ሜጋባይት ናት፣ ጋቢም የለባትም እኮ፣ የሆነ ፈረንጅ ሀገር ያለ ካፌ ናት። ወንድሜ እንዳለኝ ጉግል ራሱ በ2016 (በፈረንጅ) ባወጣው ጥናት አንድ ገጽ ስልክ ላይ ከ3 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ከመቶ 53ቱ ጥሎ ይወጣል። ጉግል ፍለጋ ላይ ዌብሳይትን የሚመዝነው ደግሞ የስልኩን ገጽ እያየ ነው፣ 2023 ላይ ጨርሶ ወደዛ ዞሯል። የኔ ደንበኛ ጋቢ የሚያየው ማታ ከስራ ገብቶ፣ ማድ ቤት ወይ አልጋ ላይ ሆኖ፣ በስልክ ነው። አንድም ሰው በትልቅ ስክሪን አያይም። ያ ሁሉ የሚንሸራተት ነገር የተሰራው ለማን ነው ታዲያ? ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊከፍል ለተዘጋጀ ለኔ ነው። ለደንበኛ አይደለም፣ ለከፋይ ነው የተሰራው። ይቺን ዛሬ ነው የገባችኝ።

እሺ፣ ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ተቆጥቼ አልነበረም የሄድኩት ወላሂ፣ ያስተካክሉልኛል ብዬ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለችው ልጅ ስልኳን እያየች ቀና እንኳን ሳትል "የሞባይል ቨርዥን በውሉ የለም፣ እሱ ለብቻው 18,000 ነው" አለችኝ። የስልክ ለብቻ! ዌብሳይት እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን እያስተካከለ እንዲሰራ ማድረግ ከ2010 (በፈረንጅ) ጀምሮ ስም ወጥቶለት የተለመደ ነገር ነው አለኝ ወንድሜ፣ ኤክስትራ የሚያስከፍሉበት ነገር አይደለም። ይሄን ስነግራት "አንቺ ዌብሳይት ምን እንደሆነ ሳታውቂ እኮ ነው ያሰራሽው" አለችኝ፣ ከዛ ጎኗ ላለችው ልጅ ዞራ ሳቀች። እድሜዋ ከኔ ታናሽ እህት አይበልጥም። እሺ የዶሜኑን፣ ማለትም የዌብሳይቱን አድራሻ ስም፣ ፓስወርድ ስጡኝ አልኩ፣ "ለደንበኛ አንሰጥም፣ በኛ አካውንት ነው የተመዘገበው፣ በየአመቱ 12,000 እየከፈልሽ ታድሺያለሽ"። ዶት ኮም በአመት ከአስር እስከ ሃያ ዶላር አካባቢ ነው እኮ!

"ቁጭ በይ፣ እሱ ይመጣል፣ ደንበኛ ላይ ነው" አለችኝና በሩ ጋ ያለች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙኝ።

ልጁ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶኛል፣ መግባቴን አላየም። ፊቱ አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጠዋል፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ቡኒ ጃኬት የለበሱ። ከሐይቅ ነው የመጡት፣ ሐይቁ ዳር አምስት ስድስት ክፍል ያላት ማረፊያ ሰርተው እንግዳ ሊቀበሉ ነው፣ ሲያወሩ ሰማሁ። ልጃቸው የሚጠይቁትን ደብተር ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጥታቸዋለች፣ መነጽራቸውን አውጥተው ከወረቀቷ እያነበቡ ይጠይቁታል። እሱ ደግሞ ወረቀቱን እንኳን አያይም፣ ላፕቶፑን ወደሳቸው አዙሮ "አብሽር ጋሼ፣ ይሄንን ይዩ" አለና ከፈተላቸው። ያ ቪዲዮ መጣ። ያው ካፌ። ጥቁር መደብ፣ ወርቃማ ጽሁፍ፣ ከላይ የሳቸው ማረፊያ ስም ተጽፎበታል። ወደ ታች አወረደው፣ ምስሎቹ ከግራ ከቀኝ ተንሸራተው መጡ፣ ሶስተኛው ላይ ሲደርስ ክው አልኩ።

የአክስቴ እጅ ነው።

እኔ ነኝ ያነሳሁት ያንን ፎቶ። ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲገባ፣ አክስቴ ጋቢውን ዘርግታ ጥለቱ እንዲታይ ጫፉን ይዛልኝ፣ ለኢድ ያደረገችው ሂና ጣቶቿ ላይ ገና አልለቀቀም። አውራ ጣቷ ላይ ድሮ ማጭድ የቆረጣት ጠባሳ አለ፣ እሱም ይታያል። ሰማኒያ አመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ሴትዮ እጅ፣ የሐይቅ ማረፊያ ማስታወቂያ ላይ፣ "ምቹ አልጋዎቻችን" የሚል ጽሁፍ ስር።

እሱም ለሰውየው እንዲህ አላቸው፣ ቃል በቃል ነው የምጽፍላችሁ፦ "ይሄ ለርስዎ ብቻ ተብሎ የተሰራ ነው ጋሼ፣ እንደዚህ ያለ ወሎ ውስጥ ሌላ ሰው ጋ አያገኙም።"

ሳይቀንስ ሳይጨምር። ድምጹ ራሱ ያው ነው፣ "ለርስዎ ብቻ" ሲል ረገጥ የሚያደርጋት ነገር አለች፣ እሷም አልቀረች። ሽማግሌው ደስ አላቸው፣ ፈገግ ብለው "ማሻአላህ" አሉ። እኔ እዛች ወንበር ላይ ውሃ ሆንኩ። ያን ቀን እኔም እንደዛ ነበር ፈገግ ያልኩት፣ ያው ፊት ነው የነበረኝ፣ እሱም የኔን ፈገግታ አይቶ ነው "ቀሪዋን አሁን ብትልኪ" ያለኝ። በኋላ ወንድሜን ደውዬ ጠየቅኩት፣ ወርድፕረስ የሚባል በነጻ የሚገኝ ሲስተም ላይ ዝግጁ ዲዛይን ጭኖ ስም መቀየር ነው፣ ዝግጁ ዲዛይኑም አብዛኛውን ጊዜ የሃምሳ ስልሳ ዶላር እቃ ነው አለኝ። ዝግጁ ዲዛይን መጠቀሙ ነውር አይደለም አለ፣ ብዙ ሰው ይጠቀማል። ነውሩ "ለአንቺ ብቻ" ብሎ መሸጡ ነው፣ የሰው ፎቶ ወስዶ ለሌላ ሰው ማሳየቱ ነው።

ተነስቼ "ይሄ የአክስቴ እጅ ነው!" ማለት ነበረብኝ። ሽማግሌው ገና ብር አላወጡም ነበር። ግን ምላሴ ተሳሰረ፣ እንባዬ መጣ፣ እዛች ልጅ ፊት ማልቀስ አልፈለግኩም፣ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ደረጃውን ወርጄ መንገድ ከተሻገርኩ በኋላ ነው እኒያን አባት ብቻቸውን ጥያቸው እንደወጣሁ ትዝ ያለኝ። ተመልሼ ወጣሁ፣ በሩን ዘግተው ነበር፣ ምሳ ሰዓት ሆኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከ48,000ው ይልቅ ይቺ ናት የምታቃጥለኝ።

ለምታሰሩ ሰዎች፣ ብዙ አልልም። በሰራተኛው ላፕቶፕ አትዩ፣ በራሳችሁ ስልክ በራሳችሁ ዳታ ክፈቱት፣ ከተቻለ ውጪ ያለ ዘመድ ይክፈትላችሁ። ዶሜኑ በራሳችሁ ኢሜይል ይመዝገብ፣ ፓስወርዱ እናንተ ጋ ይሁን። ስልክ ላይ መስራቱ፣ አማርኛው መነበቡ ውሉ ላይ ይጻፍ። የሚንሸራተተው፣ ቪዲዮው ምናምን ይቅርባችሁ፣ ጥርት ያለ ፎቶ፣ ዋጋ፣ አድራሻ፣ አንድ የዋትሳፕ ቁልፍ ይበቃል። ደረሰኝ ተቀበሉ። እኔ የቴሌብሩ መልዕክት ስላለኝ ንግድ ቢሮ ልሄድ ነው፣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 813/2006 ነው፣ ተመሳሳይ የደረሰባችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ አብረን እንሂድ።

አንድ ነገር ግን ለምኛችኋለሁ። ሐይቅ ያላችሁ ልጆች፣ ሐይቁ ዳር አዲስ ማረፊያ የሰሩ፣ እድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ነጭ ኮፍያ የሚያደርጉ፣ የምትጽፍላቸው ሴት ልጅ ያለቻቸው አባት የምታውቁ ከሆነ፣ ይሄን ጽሁፍ ዛሬ ማታ ለልጅቷ አድርሱልኝ። ቀብዱን ነገ ሐሙስ ይዘው እንደሚመጡ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። በሩ ጋ ቁጭ ብላ የነበረችው ሴትዮ ናት የላከችው በሏቸው፣ እጁም የአክስቷ ነው በሏቸው።