በደብረ ብርሃን ብር የተለበጡ አሮጌ የገበታ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ

ከደሴው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ የሚገኘው ይህ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ጠባብ ቢሆንም፣ ብር በተለበጡ የገበታ ዕቃዎች ቤቱን ማስዋብ ለሚፈልግ ሰው በቂ ምርጫ አለው። ትሪዎቹ፣ የሻይ በራዶቹና አቻቸው የጠፋ ማንኪያዎች ሳይወለወሉ ተደርድረዋል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ገዢ አይጠፋም፤ እኔ ግን የሱቁ ዋና ብልጫ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ የብሩ ልባጥ እጅግ ስስ በመሆኑ ዕቃው በተፈገፈገ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳልና።

ከሁሉም የወደድኩት አንድ ሞላላ ትሪ ነው። ጎድጎድ ያሉት የቅርጹ መስመሮች ጠቁረዋል፤ ጎላ ብለው የወጡት የጠርዙ አበቦች ደግሞ ለዘመናት እጅ ሲነካካቸው ልባጣቸው አልቆ መዳቡ ቀላ ብሎ ይታያል። ሻጩ ትሪውን ያስቀመጡት በጥቁር የመንዝ ባና ላይ ሲሆን፣ የደበዘዘው ብር በጥቁሩ ሱፍ ላይ ከማንኛውም የተወለወለ ዕቃ ይበልጥ ያምራል። ይሁን እንጂ ሱፍ በውስጡ ድኝ አለውና ብርን ያጠቁራል። ጥቁረቱ እንዲጨምር የማይፈልግ ሰው በመሐሉ የጥጥ ጨርቅ ቢያነጥፍ ይሻላል።

በራዶቹም ለማስዋቢያ ይመቻሉ፤ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ውስጣቸው ከተቀመጠ በመስከረም ለአደይ አበባ ጥሩ ማስቀመጫ ይሆናሉ። መዳቡ የወጣውን ዕቃ ግን ሎሚም ሆነ ሌላ ኮምጣጣ ነገር ባያስነኩት መልካም ነው።

የምነቅፈው የሻጩን አነጋገር ነው። «ልጄ፣ ይህ እኮ ንጹሕ ብር ነው» ሲሉኝ በራዱን ገልብጬ አየሁት፤ ከሥሩ «ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ.» የሚል ምልክት ተመትቶበታል። ይህ ምልክት ያለበት ዕቃ ገላው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ብሩ በኤሌክትሪክ የተለበጠው ላዩ ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር የበርሚንግሃም ዕቃ ሠሪዎች የነበሩት ኤልኪንግተኖች በዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት ያገኙት በ1840 እ.ኤ.አ. ነበር። ምልክቱን ሳሳያቸው ሻጩ ሳይቀየሙ ዋጋውን ቀነሱልኝ፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ገልብጦ ሳያዩ ዋጋ መቁረጥ አይገባም።

አጠቃለላቸው ጥንቃቄ የተሞላበት ነው፤ ነገር ግን በጎማ ማሰሪያ ስለሚያስሩት በገመድ እንዲለውጡት ይጠይቋቸው፤ ጎማ በነካው ቦታ ብሩ ይጠቁራል።