የዓይን ዙሪያ ኢንፌክሽን፦ ኪኒን ይዞ ቤት መግባት ወይስ ሆስፒታል መተኛት?

ከመንዝ ገጠር ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መድረስ ለታማሚ ቀላል ስላልሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው።

ወጪ፦ ኪኒኑ ይረክሳል። መተኛት አስታማሚ፣ ስንቅ፣ ምናልባትም ሲቲ ስካን ይጠይቃል፤ የጤና መድን መታወቂያ ያለው ይዞት ይሂድ።

ምቾት፦ ቤት ይሻላል፤ ይህ አያከራክርም።

አደጋ፦ ዋናው ይህ ነው። እብጠቱ የዓይን ቆብ ላይ ብቻ ከሆነ፣ እይታው ካልተነካና ዓይኑ ያለ ሕመም ከዞረ፣ ሐኪም ያዘዘው የአንቲባዮቲክ ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ መታየት ግን ግድ ነው። ዓይኑ ወደ ውጭ ከገፋ፣ ሲንቀሳቀስ ካመመ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ግን ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን ጉድጓድ ዘልቆ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ አጥንት ውስጥ ካለው ክፍተት) ነው። ያኔ አንቲባዮቲኩ በደም ሥር ይሰጣል፤ መግል ከቋጠረ ቀዶ ሕክምና ሊከተል ይችላል። ቢዘገይ ዓይን ሊጠፋ፣ ወደ አንጎልም ሊዛመት ይችላል። ጠበል የሚሄድም መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ለማን፦ ጤና ጣቢያ የሚቀርበው፣ ቀጠሮ የሚያከብር አዋቂ ቤቱ ሊታከም ይችላል። ጨቅላ፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ ወይም ቀጠሮ ቢሰጠው መመለሻ የሌለው ሰው ግን፣ እብጠቱ ቀላል ቢመስልም፣ ቢተኛ እመርጣለሁ። ቆዳው ከጠቆረ ምርጫ የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።